የኔ ስፖኪዮ አልዛገም፦ ለአንድ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው እሑድ ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤታችን ከፎቁ ሥር ቆመው ጠሩኝ። እጃቸው ላይ ወረቀት ይዘዋል። "ልጄ፣ ይሄን አንብበው። ስላንተ መኪና የተጻፈ ነው የሚመስለው" አሉኝ። ጽሑፉ የደበዘዘ ስፖኪዮን በግማሽ ሰዓት ስለማብራት ነው። ቆሜ አነበብኩት። ጋሼ ሳያውቁ ቁስሌን ነክተውኛል። ጽሑፉ ከሚመክረው ግማሹን እኔ አምና ሞክሬዋለሁ። ውጤቱም እዚሁ ኮዬ ፈጬ፣ ከብሎካችን ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የብረት መልክ ያለው ስፖኪዮ የሚደበዝዘው ስለሚዝግ ነው። ስለዚህ በኮካና በፎይል እሹት። ካልለቀቀ ሎሚና አመድ ጨምሩበት። አሁንም እምቢ ካለ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና ቲነር ይዛችሁ ቅረቡ። ሲጸዳ ብርማ ስፕሬይ ንፉበት። ከዚያ በኋላ ላቫጆ ወስዶ በኦሞ ማሳጠብ ይበቃዋል። ኦሪጅናል ስፖኪዮ ደግሞ አይደበዝዝም፤ የእናንተ ከደበዘዘ ፎርጅድ ሸጠውላችኋል ማለት ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ሰው ገንዘቡን እንዳያባክን አስበው እንደጻፉ ግን ያስታውቃል። በሳሙና ውሃ ጀምሩ፣ ፀሐይ ላይ አትሥሩ ያሉትም ትክክል ነው። ጠቤ ከተቀረው ጋር ነው።

ከዝገቱ ልጀምር፤ ሌላው ስህተት ሁሉ የሚመዘዘው ከሱ ነውና። የሚዝገው ብረት ነው። በአብዛኞቹ የዛሬ መኪኖች ላይ ያለው የስፖኪዮ ከቨር ግን ብረት አይደለም፤ ፕላስቲክ ነው። በጥፍራችሁ አንኳኩት፤ ድምፁ ራሱ ይነግራችኋል። ከቨሩን ነቅላችሁ ውስጡን ብታዩት ደግሞ ብዙ ጊዜ የፕላስቲኩ ዓይነት በፊደል ተቀርጾ ታገኛላችሁ። ኤቢኤስ የሚለው በጣም የተለመደው ነው። ፋብሪካው ይህን ፕላስቲክ መጀመሪያ በአሲድ ያሻክረዋል። ከዚያ መዳብ ይለብጠዋል። በመዳቡ ላይ ኒኬል፣ በኒኬሉ ላይ ክሮም። የላይኛው ክሮም ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን በታች ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ፣ የምናየው ብልጭታ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነገር ነው ማለት ነው።

ይህ ደግሞ እውነተኛው ክሮም ነው። ሌላም አለ። በተለይ ለብቻው የሚሸጠው ርካሽ ከቨር ብዙ ጊዜ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ የአልሙኒየም እንፋሎት የተነፋበት ፕላስቲክ ነው። በላዩ አንድ ቀጭን ክሊር፣ ማለትም ቀለም አልባ መከላከያ ቅብ፣ ይቀባል። ከሁለት ክንድ ርቀት ከክሮሙ አትለዩትም። ሦስተኛው ብርማ ቀለምና ክሊር ብቻ ነው፤ አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ላይ የምናየው ፈዘዝ ያለ የአልሙኒየም መልክ አንዳንዴ ይሄ ነው። እውነተኛ አልሙኒየምም አለ፣ ብርቅ ቢሆንም። ብረት ላይ የተለበጠ ክሮም ደግሞ የድሮ መኪኖች ነው።

እንግዲህ አምስት ዓይነት ነገር አለን። መልካቸው ይቀራረባል። አንድ መድኃኒት ለአምስቱም ሊሆን አይችልም።

ካልዛገ ታዲያ ለምን ይደበዝዛል? አንዳንዴ ቆሻሻ ብቻ ነው። የጉድጓድ ውሃ በላዩ ደርቆ የሚተወው ነጭ ጨው፣ የአስፋልት ሬንጅ፣ የኮዬ አቧራ። አንዳንዴ በአቧራማ ጨርቅ ደጋግሞ መወልወል ያመጣው ጭረት ነው። ክሮሙ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካያችሁ ውሃ በቀዳዳ ገብቶ ከሥር ያለውን መዳብና ኒኬል እየበላው ነው። ክሊር ባለው ላይ ግን ዋናው ጥፋተኛ ፀሐይ ነች።

ስለዚህች ፀሐይ ትንሽ ላውራ። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል የዋህ ትመስለናለች። እኛ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የተቀመጥነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መግቢያና ነሐሴ መውጫ ላይ፣ ፀሐይ በቀትር አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። ነሐሴን ደመናው ያድነናል። ሚያዝያን ማንም አያድነንም። የኛ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ጥላ የሚባል ነገር የለውም። መኪናው ሜዳ ላይ ይውላል፣ ሜዳ ላይ ያድራል። እኛ ኮፍያ እናደርጋለን። ስፖኪዮው ግን ራሱን አውጥቶ እንደቆመ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ። መኪናዬ አሮጌ ደብል ጋቢና ናት። ሁለቱም ስፖኪዮዎቿ ክሮም መልክ ነበራቸው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ስወርድ ግራው የለም። አዲስ አበባ የነዳ ሰው ይህን ታሪክ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ሌላ ገዝቼ አስገጠምኩ። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" አለኝ፤ እኔም ማመን ስለፈለግኩ አመንኩ። ከቀኙ ጋር ቁርጥ አንድ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱም ደበዘዙ። ቀኙ ነጣ ነጣ አለ፤ ግራው ቢጫ ጉም የለበሰ መሰለ። ልዩነቱን ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ምን አደረግኩ? አንድ ወዳጄ የነገረኝን። ሽቦና ቲነር።

ጽሑፉ "ቲነር ማንኛውንም ግትር ቆሻሻ ያነሳል" ይላል። ልክ ነው፣ ያነሳል። ከግራው ስፖኪዮ መጀመሪያ ያነሳው ክሊሩን ነበር። ጨርቁ ላይ ብርማ ነገር መጣ። ቆሻሻው እየለቀቀ ነው ብዬ ደስ አለኝ! ጨምሬ አሸሁ። ሁለተኛው ጨርቅ ላይ ደግሞ ይበልጥ ብርማ ነገር መጣ። ሦስተኛው ላይ ምንም አልመጣም፤ ምክንያቱም የሚመጣ ነገር አልቆ ነበር። ከፊቴ ያለው ግራጫ ፕላስቲክ ነው። ጠርዙን በጣቴ ስነካው ደግሞ ይጣበቃል። ኤቢኤስ በአሴቶን ይሟሟል፤ ብዙ ቲነር ውስጥ ደግሞ አሴቶን ወይም ዘመዶቹ አሉ። እኔ ስፖኪዮዬን እያጠብኩ ሳይሆን እያሟሟሁት ነበር።

ደግነቱ ከግራ ነው የጀመርኩት። ቀኙ ጋ ሳልደርስ ቆምኩ።

ሽቦውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ክሮም ራሱ በጣም ጠንካራ ነው፤ ሽቦ በቀላሉ አይጭረውም። ይህን ሰምተው ነው መሰለኝ ጸሐፊው "አትፍሩ" የሚሉት። ችግሩ ያለው ነጠብጣብ የያዘው ቦታ ላይ ነው። እዚያ ክሮሙ ከሥሩ ለቋል። ሽቦው ጠርዙን ይይዝና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይገፈዋል። የሽቦው ስብርባሪ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። ዝናብ ሲመታው ይዝጋል። አያችሁ፣ ዝገት ባልነበረበት ቦታ ዝገት በገዛ እጃችን አመጣን። ክሊር ባለው ወይም በቀለም በተሠራው ላይ ሽቦ ምን እንደሚያደርግ መናገርም አያስፈልግ።

ወደ ኮካና ፎይሉ። ይህ ምክር ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኮካ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ አለ፤ ዝገትን ይፈታል። ፎይል ከክሮም ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ሳይጭር ያነሳል። ብረት ላይ በተለበጠ ክሮም፣ ማለትም በድሮ መኪና ፓራውልትና ስፖኪዮ ላይ፣ ይሠራል። ፕላስቲክ ላይ ግን የሚፈታው ዝገት የለም። የተረፈው ስኳር ብቻ ነው፣ ስኳሩ ደግሞ የኮዬን አቧራ ይጠራል። ፎይሉም ቀለምና ክሊር ላይ ጭረት ይተዋል። ወደዚህ ኮካ በመጨረሻ እመለስበታለሁ፤ ጋሼ አስቁመውኛልና።

ሎሚና አመድ ላይ ግን ልቤ ትንሽ ይሰነጠቃል። እናቴ ድስቷን በአመድ አሽታ ፊቷን ታይበት ነበር። ሎሚም ለነሐስ የታወቀ ነው። ለየብቻቸው ሥራ አላቸው። ጸሐፊው ግን "አንድ ላይ በጥብጡት፣ አረፋ ሲያወጣ ኃይሉን ታዩታላችሁ" አሉ። ሎሚ አሲድ ነው። አመድ የዚያ ተቃራኒ፣ አልካሊ ነው። ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። አረፋው የሁለቱ መጠፋፋት እንጂ የኃይላቸው ምልክት አይደለም። አረፋው ሲበርድ የሚቀረው ጨዋማ ውሃና ያልሟሟ የአመድ ደቃቅ ነው፤ ማለትም አሸዋ። ያ አሸዋ ከፀጉር በብዙ እጥፍ በቀጠነው ክሮም ላይ ሊታሽ ነው። እውነተኛ አልሙኒየም ከሆነማ አመዱ ብቻውን ይበላዋል፤ አልሙኒየም አልካሊ አይወድም። ድስቱ ወፍራም ስለሆነ ቻለው፣ የስፖኪዮው ሽፋን ግን ያን ያህል ውፍረት የለውም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቀኙን እንዴት እንዳተረፍኩት ልንገራችሁ። ግራውን ካበላሸሁ በኋላ ሁለቱንም ይዤ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ቀለም ቀቢ ጋ ሄድኩ። ሰውየው ቀኙን አየው፣ ነካው፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጎ ጥግ ላይ አሸው። ጨርቁን አሳየኝ። "ወንድሜ፣ ቀለም አልመጣም አይደል? ይሄ ክሮም ነው። ያኛው ግን ቅብ ነበር" አለኝ። ይህች የነጭ ጨርቅ ፈተና ጽሑፉ ውስጥ ብትገባ ኖሮ ይህን ምላሽ ባልጻፍኩ ነበር። የማይታይ ጥግ ምረጡ። በትንሽ ፖሊሽ አሹ። ጨርቁ ከጠቆረ ያልተሸፈነ አልሙኒየም ነው። ብርማ ቀለም ከመጣ ክሊር የሌለው ቀለም ወይም እንደኔው ግራ ክሊሩ ያለቀ ቅብ ነው፤ ወዲያው አቁሙ። ከቆሻሻ በቀር ምንም ካልመጣ ክሮም ነው ወይም በክሊር የተሸፈነ ነው።

ቀኙን በሳሙና ውሃ ሁለቴ አጠብኩት። ነጩን ጨው በውሃ በቀጠነ ኮምጣጤ ለአንድ ደቂቃ አርሼ ወዲያው በብዙ ውሃ አለቀለቅኩ። አድርቄ የክሮም ፖሊሽ በማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ በእጅ ብቻ፣ ሳልጫን አሸሁ። መጨረሻ ላይ ዋክስ። ከዚህ በፊት ግን መስታወቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ይህን ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳውም፤ ትልቅ ነገር ነው። የብዙ ስፖኪዮዎች ማንጸባረቂያ ከመስታወቱ ፊት ነው ያለው፣ እንደ ቤት መስታወት ከጀርባ አይደለም። ፖሊሽ ወይም ኮምፓውንድ (ከፖሊሽ የሻከረ ማለስለሻ ቅባት) ካገኘው ይጫራል፣ የኋላውን መኪና በጉም ውስጥ ታያላችሁ። ፍሬቻ ያለበት ከሆነም ፍሬቻውን ሸፍኑ። አራት አምስት የነጠብጣብ ጠባሳ ቀርቶበታል፤ እነሱን ፖሊሽ አይመልሳቸውም። የተቀረው ፊት የሚያሳይ ሆኗል።

በክሊር የተሸፈነ ቀለም ከሆነና ክሊሩ ሳይላጥ የደበዘዘ ብቻ ከሆነ፣ በ2000 ከዚያም በ3000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ቀስ ብሎ ማሸትና ኮምፓውንድ ማስከተል ይመልሰዋል። ፈዘዝ ያለውን የአልሙኒየም መልክ ግን እንዳታስነኩት። ፈዛዛ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ በፖሊሽ ካሻችሁት እዚህም እዚያም ያበራና ዥንጉርጉር ይሆናል። ከተላጠ ደግሞ የእጅ ሥራ አብቅቷል፣ ወደ ቀለም ነው።

ስለ ስፕሬይ። "ከጸዳ በኋላ ብርማ ስፕሬይ ንፉበት፣ አዲስ ይሆናል።" መጀመሪያ ነገር፣ ብርማ ስፕሬይ ክሮም አይሆንም። ግራጫ ቀለም ነው፣ ውስጡ ብልጭልጭ ያለው። ክሮም የሚል የተጻፈበት ቆርቆሮም ቢሆን ሲነፋ ያምራል፤ እንዳይለቅ ክሊር ሲደረብበት ግን ይጠቁራል። ሁለተኛ፣ ክሮም እጅግ ለስላሳ ስለሆነ ቀለም የሚቆነጥጠው ቦታ የለውም። አሻክራችሁ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙን የሚያጣብቅ መነሻ ቅብ፣ ካልቀባችሁ በቀር በጥፍር ይነሳል። ላቫጆ ያለው የውሃ ግፊት ደግሞ ከጥፍር ይብሳል። ሦስተኛው የጤና ጉዳይ ነውና ቀልድ የለውም። ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ክሊር ውስጥ ኢሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። አስም ያመጣል። ሳሎን ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት በረንዳ ላይ፣ ጨርቅ አፍ ላይ አስሮ የሚነፋ ነገር አይደለም። ትክክለኛ ማስክና አየር ያለበት ቦታ ያለው ቀቢ ይሥራው።

ላቫጆና ኦሞ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አልካሊ ነው። ዋክሱን ያነሳዋል፤ እውነተኛ አልሙኒየም ላይ ደግሞ ሲደጋገም የማይለቅ ወተት መሰል ነጭ ጉም ይተዋል። የኔ ላቫጆ ልጅ ሻምፖ ይዤለት ስሄድ "ፋዘር፣ መኪናዋ ጸጉር አበቀለች እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ትልቁ ጥያቄዬ ጎማ ባጸዳበት ጨርቅ ስፖኪዮውን እንዳይነካው ነበር፤ እሱን ተስማምተናል።

"ኦሪጅናል አይደበዝዝም" ለሚለው ቀኙ ስፖኪዮዬ ምስክር ነው። ከመኪናዋ ጋር የመጣ ነው፣ ደብዝዟል። ልዩነቱ ኦሪጅናሉ ተመልሶ መብራቱ ላይ ነው። ደግሞም በዚህ ነገር ሰውን ማሸማቀቅ አያስፈልግም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አብዛኛው ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና እየጠገነ ነው የሚኖረው። የተገኘውን ዕቃ ይገዛል። የገዛው ነገር ምን እንደሆነ ቢያውቅ ይበቃዋል።

ግራው እንዴት ሆነ? ቀቢው የሚጣበቀውን ፕላስቲክ ሁለት ቀን አድርቆ አሻከረው፣ የፕላስቲክ ፕራይመር ቀባው። "ብርማ ላድርገው?" ሲለኝ እንቢ አልኩ። ጥቁር አስደረግኩት፣ የማያብረቀርቅ ማት። አሁን መኪናዬ አንድ ክሮም፣ አንድ ጥቁር ስፖኪዮ አላት። ሰው ስታይል ይመስለዋል። እስካሁን ጥቁሩን የነካው ሌባ የለም፤ ክሮሙን ግን ማታ ማታ በመስኮት አየዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ቆሜ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ወደ ቮልሳቸው ሄዱ። በጃንሆይ ጊዜ የተሠራች ነች፤ ስፖኪዮዋ ከነዘንጉ ብረት ነው፣ ዘንጉ ላይ ቀይ ዝገት ነጠብጥቦበታል። አንድ ጠርሙስ ኮካ ከፍተው ፎይል ነክረው ማሸት ጀመሩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ዘንጉ አበራ። ዞር ብለው አዩኝ፤ "እህ?" አሉ።

"ጋሼ፣ ይሄማ ብረት ነው" አልኩ።

"እኔስ መቼ ፕላስቲክ አልኩ?" አሉና የተረፈውን ኮካ አቀበሉኝ።